የአሳማ ሥጋው ሳይደርቅ፣ ፖሙም ሳይሟሟ፦ በመጨረሻ የሠራልኝ ዘዴ

አራት እራት ተበላሸብኝ። ሥጋው እንደ ቆዳ ይደርቃል፣ ፖሙ ይሟሟል፣ መጥበሻው ውስጥ ውሃ ይጠራቀማል። የምጠቀመው ስብ የሌለውን የወገብ ሥጋ ነው። ለጤና ጥሩ ነው፤ ግን እሳት ትንሽ ከበዛበት አለቀለት።

መጀመሪያ እሳቱን ቀነስኩ። ባሰበት፤ ሥጋው በራሱ ውሃ ተቀቀለ። ከዚያ ክዳን ገጠምኩበት፤ እንፋሎቱ ፖሙን ገንፎ አደረገው። ማር ቀብቼ ስሞክር ደግሞ ሥጋው ሳይበስል ማሩ አረረ።

የሠራልኝ ሁለቱን ለየብቻ መጥበስ ነው። 2.5 ሴንቲ ሜትር ውፍረት ያለውን ሥጋ በወረቀት ፎጣ በደንብ አደረቅኩት። ጨውና ቁንዶ በርበሬ ነሰነስኩ። የብረት መጥበሻው ከጋለ በኋላ 1 የሾርባ ማንኪያ ዘይት አደረግኩ። በእያንዳንዱ ጎን 4 ደቂቃ ያህል፣ ሳልነካካው።

ትልቁን ለውጥ ያመጣው ግን የምግብ ቴርሞሜትር ነው። ደቂቃ መቁጠር ብቻውን አያስተማምንም። መሃሉ 63 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሲደርስ አወጣሁትና 3 ደቂቃ አሳረፍኩት። ውስጡ ትንሽ ሮዝ ቢሆን አትደንግጡ፤ በስሏል።

ከዚያ ወፈር ተደርጎ የተቆረጠ ፖምና ሽንኩርት በዚያው መጥበሻ 5 ደቂቃ ጠበስኩ። ጠንካራና ኮምጠጥ ያለ ፖም ምረጡ፤ ቶሎ አይፈርስም። 1 የሾርባ ማንኪያ ኮምጣጤና ጥቂት ውሃ ጨምሬ፣ ከሥር የተጣበቀውን በእንጨት ማንኪያ ፋቅኩት። ስጎው ይኸው ነው፤ ስኳር አያስፈልገውም። ሥጋውን ሳህኑ ላይ ከወጣው ጭማቂ ጋር መለስኩና ወዲያው እሳቱን አጠፋሁ።