የፍራንክን የቫዮሊንና ፒያኖ ሶናታ ለመጀመሪያ ጊዜ እንዴት እናዳምጥ?

ግማሽ ሰዓት ያህል ጊዜና ደህና የጆሮ ማዳመጫ ይበቃችኋል። ኖታ ማንበብ አያስፈልግም። ሶናታ በክፍል በክፍል የተከፋፈለ የመሣሪያ ሙዚቃ ነው፤ ይሄኛው አራት ክፍል አለው።

ከመክፈታችሁ በፊት ትንሽ ታሪክ። ሴዛር ፍራንክ በዛሬዋ ቤልጂየም፣ ሊዬዥ ከተማ ተወልዶ ፓሪስ ውስጥ የቤተ ክርስቲያን ኦርጋን ሲጫወት የኖረ ሰው ነው። ይህን ሶናታ እ.ኤ.አ. በ1886 የጻፈው ለቫዮሊን ተጫዋቹ ለዩጂን ኢዛይ የሰርግ ስጦታ ነው። ስጦታ ካልቀረ እንዲህ ነው! በዚያው ዓመት ታኅሣሥ ኢዛይና ፒያኒስቷ ሌዎንቲን ቦርድ-ፔን ብራስልስ በሚገኝ የሥዕል ሙዚየም ተጫወቱት። ሙዚየሙ ግን መብራት ማብራት ይከለክል ነበር። መሸ፣ ኖታው አልታይ አለ። ቀሪውን በቃላቸው በጨለማ ጨረሱት።

አሁን ቅጂ ምረጡ። ዩቲዩብ ላይ ሞልቷል። የፒያኒስቱ እጅ በደንብ የሚታይበት ቢሆን ጥሩ ነው። ሰው ሁሉ ቫዮሊኑን ያያል፤ ከባዱ ሸክም ግን ፒያኖው ላይ ነው። በቫዮሊን ፈንታ በቼሎ (ተለቅ ባለው የቫዮሊን ዘመድ) የተጫወቱትም አሉ፣ እነሱ ለሌላ ቀን ይቆዩ።

ክፈቱት። ፒያኖው በለሆሳስ ይጀምራል፣ ቫዮሊኑ ቀስ ብሎ ይገባል። ከፍ ዝቅ እያለች የምትወዛወዝ አጭር ዜማ ይዞ ይመጣል። የእናንተ ሥራ እሷን መያዝ ነው። እስክታንጎራጉሯት ድረስ የመጀመሪያውን ደቂቃ ደጋግሙት። እሷን ሳትይዙ ወደፊት ከሄዳችሁ የቀረው የተበታተነ ይመስላችኋል።

ሁለተኛው ክፍል ማዕበል ነው። ምንም ሳትፈልጉ ዝም ብላችሁ ተከተሉት። ሲያልቅ ማጨብጨብ ቢያምራችሁ አይፈረድባችሁም።

ሦስተኛው ላይ ጆሮ ስጡ። ቫዮሊኑ ብቻውን፣ ልክ እንደሚናገር ሰው እያቆመ ይጫወታል። ያቺ የያዛችኋት ዜማም መልኳን ቀይራ ብቅ ትላለች። ቫዮሊኑ ወደ ላይ እየወጣ የሚጮኽበትንም ቦታ ልብ በሉ፤ በአራተኛው ክፍል ታገኙታላችሁ።

አራተኛው ክፍል ለእኔ ከሁሉም ይበልጣል። ፒያኖው ዜማውን ይጀምራል፣ ቫዮሊኑ ጥቂት ቆይቶ ያንኑ ይደግማል። ፒያኖው ግን አይጠብቀውም። አንዱ የሌላውን ዱካ እየረገጠ ይሄዳሉ። በመጀመሪያው ዙር ፒያኖውን ብቻ ተከተሉ፣ በሁለተኛው ቫዮሊኑን። ከጠፋባችሁ ሶናታውን እንደገና ከመጀመሪያው አትክፈቱ። ይህን ክፍል ብቻ ድገሙት፤ ስድስት ደቂቃ ገደማ ነው።