ሆቴል ሳወዳድር እማዬን ይዤ እሄዳለሁ

እህቴ ለጥር ከዋሽንግተን ልትመጣ ነው፤ ከባሏና ከሁለት ልጆቿ ጋር። "አዲስ አበባ መሐል ከተማ አንደኛ የሆነ ሆቴል ፈልጊልኝ" አለችኝ። እንዲህ የሚለኝ ሰው ብዙ ነው። አንድ ትልቅ ሆቴል ውስጥ ሃውስኪፒንግ (የክፍል ጽዳት) ዘጠኝ ዓመት ስለሠራሁ፣ እንግዳ የሚመጣበት ዘመድ ሁሉ እኔ ጋ ይደውላል። ስለዚህ እንዴት እንደማወዳድር ልጻፈው።

ኮከቡን መጀመሪያ አላየውም። በ2007 ዓ.ም. መንግሥት ከዓለም ቱሪዝም ድርጅት ጋር ሆኖ ለሆቴሎቻችን የኮከብ ደረጃ ሲያወጣ እኔም ሥራ ላይ ነበርኩ። ጥሩ ነገር ነው፣ ሆቴሎች ብዙ አስተካክለዋል። ኮከብ ግን ሆቴሉ ምን ምን እንዳለው ነው የሚነግራችሁ። ማታ ደክሟችሁ ስትገቡ ማን እንዴት እንደሚቀበላችሁ አይነግራችሁም።

ሰፈሩን መጀመሪያ ለዩ። መስቀል አደባባይ ላይ ሃያት ሪጀንሲ አለ፤ ከቦሌ ኤርፖርት በአንድ ቀጥ ያለ መንገድ ትደርሳላችሁ። ካዛንቺስ ራዲሰን ብሉ አለ፤ ኢሲኤ (የተባበሩት መንግሥታት የአፍሪካ ኢኮኖሚ ኮሚሽን) ስብሰባ ላለበት ሰው ቅርብ ነው። ዳግማዊ ምኒልክ ጎዳና ላይ እ.ኤ.አ. በ1969 የተከፈተው ሂልተን አለ። ግቢው ሰፊ ነው። መዋኛው የላሊበላውን የቤተ ጊዮርጊስ መስቀል ቅርጽ ይዞ የተሠራ ሲሆን ውኃውም ከመሬት የሚወጣ ፍል ውኃ ነው። ጣይቱ ጎዳና ላይ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1998 የተከፈተው ሸራተን አለ፤ ፏፏቴውና አትክልቱ ብቻውን ሰው ያሳርፋል። ሁለቱም ለታላቁ ቤተ መንግሥት ቅርብ ስለሆኑ አንድነት ፓርክን ለማየት ይመቻሉ። ስካይላይት ከአንድ ሺህ በላይ ክፍል ያለው ትልቅ ሆቴል ቢሆንም ቦሌ ኤርፖርቱ አጠገብ ነው። አንድ ሌሊት አድሮ ለሚበር ሰው እንጂ ከተማ ውስጥ ለሚከርም አልመርጠውም።

አንድ ነገር ልጨምር። ካዛንቺስን ከጥቂት ዓመታት በፊት የሚያውቃት ሰው ዛሬ ቢመጣ ግራ ይገባዋል። በኮሪደር ልማቱ ብዙ ነባር ቤት ፈርሷል፣ መንገዱም ተቀይሯል። ስለዚህ "ሰፈሩን አውቀዋለሁ" ብላችሁ ሳታዩ አትወስኑ።

ቀጥሎ ዋጋው። ብዙ ሰው እዚህ ጋ ይሸወዳል። ትልልቅ ሆቴሎች ዋጋ ሲጠሩ "ፕላስ ፕላስ" የሚሏት ነገር አለች። አሥር በመቶ የአገልግሎት ክፍያና አሥራ አምስት በመቶ ቫት አልተጨመረም ማለት ነው። ቫቱ የሚሰላው አገልግሎቱ ከተደመረ በኋላ ነው። 200 ዶላር የተባለ ክፍል አገልግሎቱ ሲጨመር 220 ይሆናል፣ ቫቱ ሲጨመር 253። ለሦስት ሌሊት 600 መስሏችሁ 759 ትከፍላላችሁ ማለት ነው። አንዱ ሆቴል 240 ሁሉን ጨምሮ ሲል ሌላው 200 ፕላስ ፕላስ ቢል፣ የረከሰው 240 ያለው ነው። "ቁርስ አለበት? ከኤርፖርት መቀበያ መኪናውስ?" ብላችሁም ጠይቁ። በብር የምትከፍሉ ከሆነ በየትኛው ቀን ምንዛሪ እንደሚያሰሉት አስቀድማችሁ እወቁ፤ የያዛችሁበት ቀንና የምትከፍሉበት ቀን ልዩነት አለው።

ይህን ሁሉ በስልክ እጨርስና ሦስት ሆቴል ይቀረኛል። ያኔ ነው እማዬን ይዤ የምወጣው።

እማዬ ሰባ አራት ዓመቷ ነው። ነጠላዋን ለብሳ፣ ያቺን ጥቁር ቦርሳዋን ይዛ ነው የምትሄደው። አንድ ሆቴል በር ላይ ጥበቃው ገና ሲያያት "እማማ፣ ቀስ ብለው፣ ደረጃ አለ" ብሎ ክንዷን ያዘ። ቦርሳዋን መፈተሻው ላይ ያስቀመጠላት እሱ ነው፣ ያነሳላትም እሱ ነው። ሌላ ሆቴል በር ላይ ደግሞ "ማንን ፈልጋችሁ ነው?" ተባልን። ከኋላችን የመጣው ፈረንጅ ግን ምንም ሳይጠየቅ ገባ። ያን ቀን እማዬ ምንም አላለችም። ነጠላዋን ብቻ አስተካከለች። እኔ ግን ያንን ሆቴል ለማንም ጠቁሜ አላውቅም። በገዛ አገሯ፣ በገዛ ከተማዋ እናትን እንደዚያ የሚቀበል ቤት ስንት ኮከብ ቢኖረው ምን ያደርጋል?

ሎቢ እንቀመጣለን። እማዬ ሻይ በቅርንፉድ ታዛለች፣ እኔ ማኪያቶ። ሁሉም ጋ አንድ ዓይነት ነገር ነው የማዝዘው፤ አለዚያ ማወዳደር አይቻልም። ሰዓቱም አንድ መሆን አለበት። ማታ 12 ሰዓት ተኩል አካባቢ ጥሩ ነው፤ ስብሰባው አልቆ እንግዳው የሚመለስበት ሰዓት ስለሆነ ሆቴሉ ሲጨናነቅ ታዩታላችሁ። አስተናጋጁ ስንት ደቂቃ ቆይቶ እንዳየን፣ ሪሴፕሽን ላይ ስንት ሰው እንደተሰለፈ፣ የተናደደ እንግዳ ካለ እንዴት እንደሚያናግሩት አያለሁ። የሎቢውን ሽንት ቤትም ሳላይ አልወጣም። በዚህ ሰዓት ንጹሕ ከሆነ፣ ከኋላው የሚቆጣጠር ሰው አለ።

ከዚያ ክፍል ማየት እንደምፈልግ እናገራለሁ። ለዚህ ቀን ቀን ደውላችሁ ቀጠሮ ብትይዙ ይሻላል። የሽያጭ ክፍል ሰው መጥቶ ያስጎበኛችኋል። የሚያሳያችሁ ግን ከሁሉ ያማረውን ነው፤ እኛም እንደዚያ እናደርግ ነበር። "እኔ የምከፍልበትን ዓይነት ክፍል አሳዩኝ" በሉ፣ በትሕትና፣ ግን ሳትለቁ።

ክፍል ስገባ አልጋውን አላይም። አልጋ ሁሌም ያምራል። መጀመሪያ መስኮቱን ዘግቼ ዝም ብዬ እቆማለሁ፣ አንድ ደቂቃ። የመኪና ጥሩንባ ይሰማል? የጎረቤት ቴሌቪዥንስ? ከዚያ መጋረጃውን እዘጋለሁ። ከአሜሪካ የመጣ ሰው እንቅልፉ ስለሚዛባ ቀን መተኛቱ አይቀርም፤ ብርሃን የሚያስገባ መጋረጃ ያሠቃየዋል። እግረ መንገዴን ጣቴን መጋረጃው የሚንሸራተትበት ሐዲድ ላይ አሳልፋለሁ። እዚያ አቧራ ካለ ክፍሉ በደንብ የሚጸዳው ዓይን የሚያርፍበት ቦታ ብቻ ነው።

ባኞ ቤት ገብቼ ሙቅ ውኃውን ከፍቼ እቆጥራለሁ። ሠላሳ ሳልደርስ ቢሞቅ ደስ ይለኛል። ሻወሩ እየፈሰሰ የእጅ መታጠቢያውንም እከፍታለሁ፤ ግፊቱ ከሞተ ጠዋት ሁሉም እንግዳ በአንድ ጊዜ ሲታጠብ ምን እንደሚሆን ይታወቃል። ቅንጦት እንዳይመስላችሁ። ይህች ከተማ ራሷ የተቆረቆረችው እቴጌ ጣይቱ ፍል ውኃውን ወድደው ከእንጦጦ ስለወረዱ ነው። አዲስ አበባ ውስጥ ሙቅ ውኃ መጠየቅ አያሳፍርም።

ኮሪደር ላይ የጽዳት ጋሪ ካገኛችሁ ግን እሱ ከሁሉ ይበልጣል። ጨርቆቹን እዩ። ሽንት ቤት የሚጸዳበት ጨርቅና ብርጭቆ የሚወለወልበት ጨርቅ ቀለማቸው መለየት አለበት። እኛ ጋ ቀዩ ጨርቅ ከሽንት ቤት በር አልፎ አይወጣም ነበር፤ የወጣበት ሠራተኛ በእኔ ፊት ማስጠንቀቂያ ተጽፎበታል። ጋሪው ላይ አንድ ዓይነት ቀለም ብቻ ካያችሁ፣ ወይም ሁሉም አንድ ባልዲ ውስጥ ከተነከረ፣ ሆቴሉን ከዝርዝራችሁ አውጡት። ጋሪውን የምትገፋውን ልጅም ሰላም በሏት። "ጠዋት ውኃ እንዴት ነው?" ብትሏት ከሽያጩ ሰው የተሻለ እውነቱን ትነግራችኋለች።

ማሞቂያውን አትርሱ። ከተማችን ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ነው ያለችው፣ ሌሊቷ ይቀዘቅዛል፤ በተለይ በኅዳርና በታኅሣሥ። አንዳንድ ክፍል ያለው መሣሪያ የሚያቀዘቅዝ ብቻ ነው። "ያሞቃል?" ብላችሁ አስከፍታችሁ እዩት። መብራት ሲጠፋ ጄኔሬተሩ ሊፍቱንም ያንቀሳቅስ እንደሆነ ጠይቁ። ሶኬቱ 220 ቮልት ስለሆነ የአሜሪካ ፀጉር ማድረቂያ ይቃጠላል፤ ይህን ለእህቴ በየዓመቱ እነግራታለሁ።

ስለ ጫጫታ ትንሽ ልቆይ፣ እኔው የተሳሳትኩበት ነው። አክስቴን ከካናዳ ስትመጣ አንድ ያማረ ሆቴል አስገባኋት። ክፍሉን አይቼዋለሁ፣ ውኃውን ሞክሬዋለሁ። ያየሁት ግን ማክሰኞ ቀን ነው። እሷ ያደረችው እሑድ፣ ጥር ውስጥ። ክፍሏ ከሠርግ አዳራሹ በላይ ነበር። እስከ ሌሊቱ 6 ሰዓት ከበሮና ስፒከር። ጠዋት ስሄድ ዓይኗ ቀልቶ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጣ አገኘኋት። አሁን አዳራሹ የት እንደሆነና በዚያ ሳምንት ዝግጅት እንዳለ ሳልጠይቅ ክፍል አልይዝም። መስቀል አደባባይ አካባቢ ከሆነ ደግሞ የእስጢፋኖስ ቅዳሴ ንጋት ላይ ሊሰማ ይችላል። ለእማዬ ይህ በረከት ነው፣ ለብቻው ተጨማሪ ብትከፍልበትም ደስ ይላታል። እንግዳችሁን ግን አስቀድማችሁ ንገሩት።

ቀን መቁጠሪያውንም እዩ። በየካቲት የአፍሪካ ኅብረት ጉባኤ ሲኖር ክፍል ይጠፋል፣ መንገድ ይዘጋል። መስከረም 16 ደመራው መስቀል አደባባይ ነው። በኅዳር ታላቁ ሩጫ እዚያው ይነሳል። በእነዚህ ቀናት አደባባዩ ላይ ክፍል የያዘ ሰው ከመስኮቱ ሁሉን ያያል፣ በመኪና መውጣትን ግን ይርሳው።

ምግቡን በአጭሩ። ቁርስ ላይ ጨጨብሳና ቅንጬ ካለ፣ ረቡዕና ዓርብ ደግሞ የጾም ነገር በደንብ ከቀረበ ይበቃኛል። እራት እንደሆነ ከተማው ሞልቷል።

ከዋሽንግተን የሚነሳው የአየር መንገዳችን በረራ ጠዋት ነው የሚገባው፣ ወደዚያ የሚመለሰው ደግሞ ማታ። የሆቴል ክፍል ግን ብዙ ጊዜ የሚሰጠው ከቀኑ 8 ሰዓት ሲሆን የሚለቀቀው 6 ሰዓት ነው። ልጆች ታቅፎ ሎቢ ላይ ስድስት ሰዓት መቀመጥ ምን እንደሆነ አስቡት። "ጠዋት ስንደርስ ትሰጡናላችሁ? በመጨረሻው ቀን እስከ ማታ ብናቆየውስ ስንት ነው?" ብላችሁ ጠይቁ። አንዱ በነጻ ይሰጣል፣ አንዱ የግማሽ ቀን ያስከፍላል፣ አንዱ ሙሉ ሌሊት። ይህ ብቻውን በሁለት ሆቴሎች መካከል ያለውን የዋጋ ልዩነት ሊገለብጠው ይችላል።

ለእህቴ ሦስቱን አይተን ስንጨርስ እማዬን "የቱ ይሻላል?" አልኳት። "ሻዩን ከነቅርንፉዱ ያመጡልን ጋ" አለችኝ። የእኔም ማስታወሻ ላይ የሚመራው እሱው ነበር።

በማግስቱ ኢሜይል ጻፍኩላቸው። ከአዳራሹ የራቀ፣ ወደ አትክልቱ የዞረ፣ በር ለበር የተያያዙ ሁለት ክፍሎች፤ ጠዋት 2 ሰዓት ላይ ዝግጁ የሚሆኑ፤ ዋጋው አገልግሎቱንና ቫቱን ጨምሮ። መልሱ እስኪመጣ ቅድሚያ ክፍያ አላስገባሁም። መልሱን ደግሞ አትሜ በእማዬ ጥቁር ቦርሳ ውስጥ አስቀምጬዋለሁ፤ የዚያን ቀን ጠዋት ኤርፖርት የምትሄደው እሷ ናት።