ካሳንድራ መጻፍ ሲያዘግምና ሜሞሪ ሲበላ፦ ችግርና መፍትሄ

ካሳንድራ ዳታን በብዙ ሰርቨሮች (ኖዶች) ላይ በትኖ የሚያስቀምጥ ዳታቤዝ ነው። ኖዶቹ መነሳታቸውን፣ ዲስኩ አለመሙላቱን፣ ስዋፕ (ዲስክን እንደ ሜሞሪ መጠቀም) መጥፋቱን አይታችኋል ብዬ ነው የምጀምረው። ስዋፕ ካልጠፋ መጀመሪያ እሱን አጥፉና ተመለሱ።

ምልክት፦ ቶፕ ላይ ጃቫ ከተሰጠው ሂፕ በላይ ሜሞሪ ይዞ ይታያል

ሂፑ (ለጃቫ ፕሮግራሙ የተመደበው ሜሞሪ) 8 ጊጋ ነው፣ ቶፕ (የሊኑክስ መመልከቻ ትእዛዝ) ግን 20 ይላል። አብዛኛውን ጊዜ ይሄ ችግር አይደለም። ካሳንድራ የዳታ ፋይሎቹን ኤምማፕ ስለሚያደርግ (ከሜሞሪ አድራሻ ጋር ስለሚያያይዝ) እነሱም አብረው ይቆጠራሉ። ብሉም ፊልተርም (የተፈለገው ዳታ ፋይሉ ውስጥ መኖሩን ቶሎ የሚገምተው) የሚቀመጠው ከሂፕ ውጪ ነው። ሊኑክስ ቦታ ሲጠብበው ፔጅ ካሹን (ለፋይሎች የያዘውን ሜሞሪ) ይለቃል። መደንገጥ ያለባችሁ ሂፑ ራሱ ሞልቶ፣ ከጂሲ (ጃቫ ያለቀ ሜሞሪ ከሚያጸዳበት ሥራ) በኋላም አልወርድ ሲል ነው።

ምልክት፦ ፔንዲንግ ኮምፓክሽን እያደገ ይሄዳል

ኮምፓክሽን የተጻፉትን ፋይሎች አዋህዶ የሚያጸዳው ሥራ ነው። ወረፋው ካደገ ወይ ፍጥነቱ ታንቋል፣ ወይ ዲስኩ ደካማ ነው። የኮምፓክሽን ገደቡ በ3.x ቨርዥኖች ሳይነካ 16 ሜጋባይት በሰከንድ ነው፤ ከ4.0 ወዲህ 64 ሆኗል። ጥሩ ኤስኤስዲ ካላችሁ በኖድቱል (የካሳንድራ ማስተዳደሪያ ትእዛዝ) ከፍ አድርጉትና እዩት። ለላፕቶፕ የተሠራ ርካሽ ኤስኤስዲ ሰርቨር ላይ ከሰካችሁ ግን ምንም አትልፉ። እንዲህ ያለው ዲስክ የመጀመሪያዎቹን ደቂቃዎች ይፈተለካል፤ ፈጣን ካሹ ሲሞላ ደግሞ እየተጎተተ ይሄዳል። ሻጩ የሚያሳያችሁ የመጀመሪያዎቹን ደቂቃዎች ነው። ኮሚት ሎግን (እያንዳንዱ ጽሑፍ የሚመዘገብበትን ፋይል) ሌሎች ሲስተሞች በሚጋሩት ሳን (በኔትወርክ የሚደረስ ማከማቻ) ላይ ማድረግም ያው ነው፣ አታድርጉት።

ምልክት፦ ራይት ታይምአውት ይበዛል፣ አንድ ኖድ እየቆመ ይመለሳል

እዚህ ጋ ቁጭ ብለን እናውራ። የሚጠሩኝ ሁሉ የሚጠሩኝ ለዚህ ነው።

ሎጉ ላይ ጂሲኢንስፔክተር (ጂሲ ሲያስቆም የሚዘግበው መስመር) ይደጋገማል። በኖድቱል ቲፒስታትስ ሲታይ ድሮፕድ (ሳይሠሩ የተጣሉ) ከተባሉት ውስጥ ሚውቴሽን (የመጻፍ ጥያቄ) ዜሮ መሆኑ ቀርቷል። ሌሎቹ ኖዶች አንዱን ዳውን ይሉታል፣ ትንሽ ቆይተው አፕ ይሉታል። ሰዉ ወዲያው ዲስኩን ይረግማል፣ ቀጥሎ ኔትወርኩን። አይጥ በበላ ዳዋ ተመታ ነው ነገሩ።

እስኪ የታይምአውቱን መልእክት እስከ መጨረሻው አንብቡት። ራይት ታይፑ (የጽሑፉ ዓይነት) ባች ሎግ ካለ ሌባው ተይዟል፦ ባች ነው፣ ብዙ ጽሑፎችን ባንድ ጥያቄ አጅሎ መላክ። ቀጥሎ የሰርቨሩ ሎግ ላይ ባች የሚለውን ፈልጉ። ባቹ ከ5120 ባይት አልፏል የሚል ማስጠንቀቂያ ተደርድሮ ታገኛላችሁ፣ የሠንጠረዡ ስም ጭምር። ለወራት ሲጮህ የኖረ ማስጠንቀቂያ ነው፤ ጆሮ ዳባ ልበስ ተብሏል።

ምክንያቱ ይሄ ነው። ከኦራክል ወይም ከማይኤስኪውኤል የመጣ ፕሮግራመር ባች ያፈጥናል ብሎ ያምናል። እዚያ እውነት ነው። ካሳንድራ ውስጥ ግን የአንድ ሺህ ደንበኛ ረድፍ አንድ ባች ውስጥ ሲገባ፣ ረድፎቹ በፓርቲሽን ቁልፋቸው (የትኛው ኖድ ላይ እንደሚቀመጡ በሚወስነው) መላው ክላስተር ላይ ይበተናሉ። ባቹን የተቀበለው ኖድ ሁሉንም ሂፑ ላይ ይይዛል። መጀመሪያ ሌሎች ኖዶች ላይ ባች ሎግ (የባቹን መጠባበቂያ ኮፒ) ያስጽፋል፣ ከዚያ ለየባለቤቱ ያድላል፣ መልስ ይጠብቃል፣ በመጨረሻ ባች ሎጉን ያስጠፋል። የሠፈሩን ሁሉ ዘይት አንድ ልጅ ላይ ጭኖ ቤት ለቤት አድርስ እንደማለት ነው።

ልጁ ሲደክም ደግሞ ጣጣው ይበዛል። ኖዱ በጂሲ ሲቆም ሌሎቹ ሂንት (ያመለጠውን ጽሑፍ) ያጠራቅሙለታል። ሲመለስ ሂንቱ ይዘንብበታል። አፕሊኬሽኑም ታይምአውት ስለደረሰው ያንኑ ባች እንዳለ መልሶ ይልካል። ታይምአውት ማለት አልተጻፈም ማለት አይደለም! ካውንተር (ቆጣሪ ዓምድ) ከሆነማ ድጋሚ መላክ ሁለቴ ያስቆጥራል።

አንድ መሥሪያ ቤት ስደርስ ሂፑ ከ8 ወደ 16፣ ከዚያም ወደ 31 አድጎ ጠበቀኝ። 31 ላይ የቆሙት ጃቫ 32 ጊጋ ላይ የተጨመቀ ፖይንተር መጠቀም ስለሚተው ነው፤ ይህን ያህል አንብበዋል። የጂሲው ብዛት ቀንሷል፣ አንዱ ሲመጣ ግን ኖዱን አስተኝቶት ይሄዳል። ያምሉን (የካሳንድራን ማዋቀሪያ ፋይል) ከፈትኩ። ባች ውድቅ የሚደረግበት ገደብ 50 ኪሎባይት መሆን ሲገባው ሁለት ዜሮ ተጨምሮበት 5000 ሆኗል። ከጎኑ በኮሜንት «ኤረር እንዳይሰጥ» ተብሎ ተጽፏል። ኤረሩ እኮ ነበር ሲከላከልላቸው የኖረው።

ሌላ ቦታ ደግሞ ክላስተሩ ቀን ሰላም ነው፤ ሌሊት አንድ ስክሪፕት ሲኤስቪ እያነበበ በባች ይጭናል። ስክሪፕቱን የጻፈው ልጅ ሥራ ለቋል፣ ክሮን ላይ መኖሩንም የሚያውቅ የለም። ማን እንደሚልክ ካልታወቀ ከ4.0 ጀምሮ ኖድቱል ክላየንትስታትስ ከ--all ጋር የተገናኙትን አድራሻዎች ያሳያል። በችግሩ ሰዓት ሩጡና እዩት።

መፍትሄው፦ ባቹን በትኑት። እያንዳንዱን ረድፍ በፕሪፔርድ ስቴትመንት (አንዴ ተዘጋጅቶ ደጋግሞ በሚሠራ ጥያቄ) ለየብቻው፣ በኤሲንክ (የቀደመውን መልስ ሳይጠብቁ) ላኩ። ድራይቨሩ (አፕሊኬሽኑን ከካሳንድራ የሚያገናኘው) ቶክን አዌር ከሆነ፣ ማለትም ረድፉ የማን ኖድ እንደሆነ ካወቀ፣ በቀጥታ ለባለቤቱ ኖድ ያደርሳል። ግን ገደብ አብጁለት! በሰማፎር ይሁን በሌላ፣ መልስ ሳያገኝ አየር ላይ ያለው ጥያቄ ከ100 አካባቢ ይጀምር፤ ድሮፕድ ሚውቴሽንን እያያችሁ ጨምሩ። ያለ ገደብ ኤሲንክ ማድረግ ያንኑ ጎርፍ በሌላ በር ማስገባት ነው። ድጋሚ ሲላክም ትንሽ እያረፈ ይሁን፣ ያልመለሰውን ብቻ።

ረድፎቹ ሁሉ የአንድ ፓርቲሽን ከሆኑ አንሎግድ ባች (ባች ሎግ የማይጽፈው) ይቻላል፣ መጠኑ ካልበዛ ጥሩም ነው። አንድን መረጃ ሁለት ሠንጠረዥ ላይ አብሮ ለመጻፍ ደግሞ ሎግድ ባች በቦታው ነው፦ ሁለት ሦስት ትንንሽ መስመር፣ አለቀ። ከዚያ ገደቡን ወደ 50፣ ሂፑንም ወደ ነበረበት መልሱ። መመለሱን ሰው ይረሳዋል።

አልፎ አልፎ የሚገጥሙ

የተጻፈው ዳታ የድሮውን ዋጋ ካሳየ የኖዶቹ ሰዓት ተዛብቶ ሊሆን ይችላል፤ ክሮኒን (ሰዓት አስተካካዩን ፕሮግራም) አስተካክሉ። ምንም ጭነት ሳይኖር ሂፑ ከሞላ ሠንጠረዦቹን ቁጠሩ፤ ለእያንዳንዱ ደንበኛ ሠንጠረዥ የሚፈጥር ዲዛይን አይቻለሁ፣ ባዶውም ሜሞሪ ይወስዳል።

መብራት በሚቆራረጥበት ቦታ ደግሞ ይሄን እወቁ፦ ኮሚት ሎጉ ካልቀየራችሁት ዲስክ ላይ የሚረጋው በየ10 ሰከንዱ ነው። የአንድ ዳታ ሦስቱም ኮፒ አንድ ክፍል፣ አንድ ዩፒኤስ ላይ ከሆነ፣ ሁሉም እኩል ሲጠፉ ተጽፏል የተባለው የመጨረሻ ሰከንዶች ዳታ ሊጠፋ ይችላል። ሲንኩን ወደ ባች ሞድ መቀየር ይቻላል (ከላይ ከረገምነው ባች ጋር አይገናኝም)፣ ግን መጻፉን ያዘገየዋል። ከዚያ በፊት ኖዶቹን በተለያየ የመብራት መስመር ላይ አድርጉ፣ የዩፒኤሱንም ባትሪ አስፈትሹ።