ጅማ ላይ ለስቶሪ ጌም ዩዝድ ፒኤስ ፎር ስትገዙ፦ ታሪኩ መሀል ላይ እንዳይቀርባችሁ

ጌም ቤት ገብቶ ፊፋ መጫወት ሌላ፣ የስቶሪ ጌም (እንደ ፊልም ታሪኩን እየተከተላችሁ የምትጫወቱት) ሌላ። ፊፋ ላይ ፒኤስ ፎሩ፣ ማለት የሶኒው የጌም ማሽን፣ ቢጠፋባችሁ የሄደው አንድ ጨዋታ ነው። ሬድ ዴድ ሪደምፕሽን 2 የሚባለው የስቶሪ ጌም ግን ዋናው ታሪክ ብቻ ወደ 50 ሰዓት ይፈጃል፣ ከስራ ወይ ከትምህርት መልስ ማታ ማታ አንድ ሰዓት ለሚጫወት ሰው ይሄ ሁለት ወር ሊጠጋ ነው፣ ስለዚ የምትገዙት ዝም ብሎ የሚበራ እቃ ብቻ ሳይሆን ሁለት ወር ሙሉ የማይከዳችሁ እቃ መሆን አለበት።

እኔ የመጀመሪያውን ማሽን የገዛሁት መርካቶ አንድ ሱቅ ነው። ልጁ "ወላሂ አዲስ በለው ወንድሜ፣ ከዱባይ ነው የመጣው" አለኝ፣ አብርቶ ሜኑውን አሳየኝ፣ እኔም ሜኑ አይቼ ከፈልኩ። ሶስተኛው ወር ላይ ክረምት ነበር፣ መብራት ሄዶ ሲመለስ ማሽኑ በዛው ቀረ። ይዤለት ስሄድ "መብራት ነው ያቃጠለው፣ እኔ ምን ላድርግህ" አለኝ። ብሩ ቆጭቶኛል፣ ግን ከብሩ በላይ ያንገበገበኝ ታሪኩ ነው፣ መጨረሻው ሊደርስ ትንሽ ሲቀረው ሴቩ (የደረስኩበትን የሚይዘው ፋይል) ከነማሽኑ ሞተ። ከዛ ወዲህ እንዲህ ነው የማደርገው።

መጀመሪያ "ኦሪጅናል ነው" የሚለውን ቃል እንደ ማረጋገጫ አትውሰዱት። የማይክሮሶፍቱ የጌም ማሽን ኤክስቦክስ 360 ኦሪጅናል ነበር አይደል፣ ግን ቺፑ እየጋለ እየበረደ ውስጡ ያለው መያያዣ እየተሰነጠቀ ቀይ መብራት እያበራ ስለሚሞት ማይክሮሶፍት በ2007 ዋስትናውን ለዚህ ብልሽት ወደ 3 ዓመት አራዝሞ ለጥገናው ከ1 ቢሊዮን ዶላር በላይ መደበ። እንደዛ ያለ ኩባንያ እቃ እንደዛ ከሆነ፣ የሰው እጅ ስንት ዓመት የዞረበትን ማሽን በቃል ብቻ ማመን ልክ አይደለም። መጠርጠራችሁ አያሳፍራችሁ፣ ሻጩም ቅር አይበለው።

ሱቅ ስትሄዱ የራሳችሁን ዲስክ ይዛችሁ ሂዱ፣ ከባድ ጌም ይሁን። "ግማሽ ሰዓት ላጫውተውና ልወስን" በሉ፣ እምቢ ካለ ሌላ ሱቅ። የሙቀት ችግር ያለበት ማሽን ሜኑ ላይ ጤነኛ ነው የሚመስለው፣ ጌም ሲገባ ነው ፋኑ እንደ ወፍጮ የሚጮኸውና በራሱ የሚጠፋው። እየተጫወተ ሳለ ወደ ቲቪው የሚሄደውን ኤችዲኤምአይ ገመድ ከኋላ ቀስ አርጋችሁ ነካ ነካ አድርጉት፣ ምስሉ ብልጭ ጥፍት ካለ ሶኬቱ ላልቷል። ጆይስቲኩን ጠረጴዛ ላይ አስቀምጡና እጃችሁን አንሱ፣ ካሜራው ብቻውን የሚዞር ከሆነ አናሎጉ (በአውራ ጣት የሚገፋው) ተበልቷል። ከዛ አጥፍታችሁ እንደገና አብሩት፣ ሰማያዊው መብራት ወደ ነጭ ሳይቀየር ብልጭ ድርግም እያለ ከቀረ ጥላችሁት ውጡ። ሞዴሉ ከኋላ ተጽፏል፣ ሲዩኤች (CUH) ብሎ በ1 የሚጀምረው ወፍራሙ ነው፣ በ2 የሚጀምረው ስሊሙ፣ በ7 ፕሮው። ለቤት እኔ ስሊሙን ነው የምመርጠው፣ ሙቀቱም ድምፁም ትንሽ ነው። ዋስትና ካለ ደግሞ በቃል ሳይሆን ደረሰኝ ላይ የማሽኑ ቁጥር ተጽፎ ይሰጣችሁ።

ቤት ከገባ በኋላ፣ ዳንቴል አታልብሱት። እናቶቻችን ቲቪ ላይ ሲያለብሱ ያምራል ግን የማሽኑ መተንፈሻ ይታፈናል። ከረከቦቱም ራቅ ይበል፣ የቡናው ጭስና የእጣኑ ጭስ ከአቧራ ጋር ተጣብቆ ፋኑ ላይ ይጋገራል። ክረምት ላይ እርጥበት አለ፣ መሬት ላይ አታስቀምጡት፣ በረሮም ሙቀት ፈልጎ ይገባበታልና።

አሁን ዋናው፣ መብራት። ሬስት ሞድ የሚባለውን እርሱት፣ ጌሙን እንደተከፈተ አስተኝታችሁት መብራት ከሄደ ሴቭ ያላረጋችሁት ሁሉ ይጠፋል። ሁሌ ጌሙን ዘግታችሁ ሙሉ በሙሉ አጥፉት። መብራት ሲሄድ ሶኬቱን ንቀሉ፣ ሲመጣ ወዲያው አትሰኩ፣ መጥቶ መልሶ እየሄደ ስለሚያስቸግር አስር ደቂቃ ይረጋጋ። አቅም ካላችሁ ትንሽ ዩፒኤስ (መብራት ሲሄድ ለጥቂት ጊዜ የሚይዝ ባትሪ) ግዙ፣ ስታብላይዘር ቮልቴጅ ያስተካክላል እንጂ መብራት ሲሄድ ሴቭ ለማረግ ጊዜ አይሰጣችሁም። በድንገት ጠፍቶ ከዛ ወዲህ የሚንቀራፈፍ ከሆነ ደሞ ሰሪ ጋር ከመሮጣችሁ በፊት፣ ማሽኑ ጠፍቶ እያለ ማብሪያውን ሁለተኛው የጢት ድምፅ እስኪሰማ ወደ 7 ሰከንድ ተጫኑት፣ ጆይስቲኩን በገመድ ሰኩና ከሚመጣው ዝርዝር 5ኛውን፣ ሪቢልድ ዳታቤዝ (የፋይሎቹን መዝገብ እንደገና የሚያደራጀው) የሚለውን ምረጡ። 6ኛውንና 7ኛውን እንዳትነኩ፣ ሁሉን ነው የሚያጠፉት።

ሴቩን ግን ማሽኑ ላይ ብቻ አትተዉት። ሳምንት በሳምንት፣ እኔ እሁድ እሁድ ነው የማደርገው፣ ሴቲንግ ገብታችሁ አፕሊኬሽን ሴቭድ ዳታ ማኔጅመንት፣ ከዛ ሲስተም ስቶሬጅ፣ ከዛ ኮፒ ቱ ዩኤስቢ። የፍላሹ ፎርማት ፋት 32 ወይም ኤክስፋት መሆን አለበት፣ ኤንቲኤፍኤስ አያነብም። አንድ የማይረሳ ነገር፣ ሴቩ ከአካውንታችሁ ጋር ነው የሚታሰረው፣ ስለዚ ገና ስትጀምሩ የራሳችሁን የፒኤስኤን (የሶኒ ኦንላይን) አካውንት ክፈቱ፣ በሻጩ ዩዘር አትጫወቱ፣ ያኔ ማሽኑ ቢሞት እንኳን ሌላ ፒኤስ ፎር ላይ በዛው አካውንት ገብታችሁ ሴቩን ከፍላሹ መልሳችሁ ካቆማችሁበት ትቀጥላላችሁ። ፒኤስ ፋይቭ ለመግዛት የምታስቡ ደግሞ እወቁ፣ የፒኤስ ፋይቭ ጌም ሴቭ ወደ ፍላሽ አይገለበጥም፣ በወር የሚከፈልበት ክላውድ (ኢንተርኔት ላይ ማስቀመጫ) ነው ያለው። ጌሙ ውስጥም አውቶሴቩን (ጌሙ በራሱ የሚያስቀምጠውን) ብቻ አትመኑ፣ በእጅ ሴቭ የሚያስደርግ ከሆነ ሁለት ሶስት ስሎት (የሴቭ ቦታ) ላይ እያፈራረቃችሁ አስቀምጡ፣ እየተጻፈ ሳለ መብራት ከሄደ ያ ፋይል ሊበላሽ ስለሚችል።

ይሄን ሁሉ ለምን እንደምንደክምለትም ልንገራችሁ። ጎድ ኦፍ ዋር የ2018ቱ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ካሜራው አንዴም ሳይቆረጥ አባትና ልጅን ይከተላል፣ ጀልባ ላይ ሆነው የሚያወሩት ወሬ ራሱ ታሪክ ነው። ሬድ ዴድም እንደዛው፣ ፈረስ ላይ ረጅም መንገድ ሲሄዱ የሚያወሩት ነገር ኋላ ማን ማንን እንደሚከዳ ይነግራችኋል፣ ስለዚ ሰብታይትል አብሩ፣ ስኪፕ አታድርጉ፣ መሬት ላይ የወደቀ ደብዳቤ ካያችሁ አንብቡት። እንግሊዝኛው ከከበዳችሁ ከምታውቁት ሰው ጋር ተቀመጡ፣ እኔ ከታናሽ እህቴ ጋር ነው የምጫወተው፣ እሷ ትተረጉማለች እኔ እነዳለሁ።

አንድ ደብተር ደሞ ቲቪው ስር አስቀምጡ። ስታቆሙ ሁለት መስመር ጻፉ፣ ማን ሞተ፣ ማን ምን ቃል ገባ፣ ቀጥሎ ወዴት ነው የምሄደው። መብራቱ ሶስት ቀን ቢቆይ፣ ፈተና ቢመጣ፣ ማሽኑ ሰሪ ጋር አንድ ወር ቢያድር፣ ስትመለሱ መጀመሪያ ደብተሩን አንብቡ፣ ከዛ ነው ጆይስቲክ የሚነሳው።