ፊርማ አሰባስቦ አቤቱታ ማቅረብ፦ ለባሕር ዳርና ለጣና ዳር ነዋሪዎች

«ይህን ያህል ሰው ከፈረመ ሕዝበ ውሳኔ ይጠራል» የሚል ቁጥር በሕገ መንግሥቱ ውስጥ የለም። በአንቀጽ 47 መሠረት አዲስ ክልል ለመመሥረት የጠያቂው ብሔር ምክር ቤት በሁለት ሦስተኛ ድምፅ ወስኖ ለክልሉ ምክር ቤት በጽሑፍ ያቀርባል፤ የክልሉ ምክር ቤትም በአንድ ዓመት ውስጥ ሕዝበ ውሳኔ ያደራጃል። ሲዳማ በ2010 ዓ.ም. ጠይቆ ድምፅ የሰጠው ግን ኅዳር 10 ቀን 2012 ዓ.ም. ነው። ለተደፈነ ቦይ ወይም ለደረቀ ቧንቧ መንገዱ ሌላ ነው፤ አንቀጽ 30 ለማንኛውም ሰው የሰጠው አቤቱታ የማቅረብ መብት።

መጀመሪያ ባለሥልጣኑን ለዩ። ፎገራ በደቡብ ጎንደር፣ ደምቢያ በማዕከላዊ ጎንደር ዞን ሥር ነው። የደምቢያ ገበሬ ስለ እምቦጭ ለባሕር ዳር ከተማ አስተዳደር ቢጽፍ ጉዳዩ የሚመለከተው ሌላ ስለሆነ መልስ አያገኝም። ቀበሌን ዘልሎ ክልል መሄድም «ከታች ይታይ» ተብሎ ያስመልሳል።

ደብዳቤው ከአንድ ገጽ አይለፍ፤ «ጉዳዩ» ከሚለው ሥር አንድ ነገር ብቻ ይጻፍ። «አስፈላጊው ትብብር ይደረግልን» ማለት ማንንም ለሥራ አያስነሣም። «ከድልድዩ እስከ ትምህርት ቤቱ አጥር ያለው 80 ሜትር ቦይ ከሰኔ በፊት ይጠረግልን፤ መልሱም በጽሑፍ ይሰጠን» ብላችሁ ለይታችሁ ጠይቁ።

ብዙ አቤቱታ የሚበላሸው በፊርማው ላይ ነው። ሰንጠረዡ ተራ ቁጥር፣ እስከ አያት ሙሉ ስም፣ የቤት ቁጥር፣ ቀንና ፊርማ ይኑረው። በየገጹ አናት ላይ ጥያቄውን ድገሙት፤ ካልሆነ ከደብዳቤው የተነጠለ ገጽ ምንም የማይናገር የስም ዝርዝር ይሆናል። አባወራው ለመላው ቤተሰብ ከፈረመ ተመሳሳዩ የእጅ ጽሑፍ የእውነተኞቹንም ፊርማ ያስጠረጥራል። መጻፍ የማይችል ሰው በሁለት ምስክር ፊት የጣት አሻራ ያድርግ። ከመጨረሻው ስም በታች መስመር አስምራችሁ ድምሩን ጻፉ። ሦስት ተወካዮችን የመረጣችሁበትን ቃለ ጉባኤም አያይዙ።

በሁለት ቅጂ ይዛችሁ ሂዱ። መዝገብ ቤት በእናንተ ቀሪ ላይ ገቢ ቁጥር፣ ቀንና ማኅተም ሳያደርግ አትውጡ፤ ቁጥር የሌለው አቤቱታ ነገ «አልደረሰንም» ቢባል ማስረጃ የለውም። ግልባጩ ለምክር ቤቱ አፈ ጉባኤና ለአካባቢያችሁ ተመራጭ ይድረስ፤ ተመራጩ በጉባኤ እንዲጠይቅላችሁ በአካል አነጋግሩት።

ሰልፍ ካሰባችሁ በአዋጅ ቁጥር 3/1983 መሠረት ከ48 ሰዓት በፊት በጽሑፍ ማሳወቅ ያስፈልጋል።

መልስ ካልመጣ የመሥሪያ ቤቱን ቅሬታ ሰሚ ጠይቁ፤ ከዚያ የአስተዳደር በደል አቤቱታ የሚመረምረው እንባ ጠባቂ ተቋም ባሕር ዳር ቅርንጫፍ አለው። ክፍያ አይጠይቅም፤ በቃልም ይቀበላል። ፍርድ ቤት የያዘውን ጉዳይ ግን አያይም፤ ስለዚህ ክስ ከመመሥረታችሁ በፊት እዚያ ቅረቡ።