የጣና በለስ ተርባይን በሳይበር ጥቃት ቢሰበር፦ ጉዳዩን በዓለም አቀፍ ሕግ የመያዣ መንገድ

የጣና በለስ ኃይል ማመንጫ 4 ተርባይኖች አሉት፤ አቅሙ 460 ሜጋ ዋት ነው። ለመለማመጃ ያህል አንድ ሰርጎ ገብ መቆጣጠሪያውን ይዞ ጭነቱን በድንገት አቋረጠ፣ ወደ ተርባይኑ የሚገባውን ውኃ የሚመጥነው በርም እንዳይዘጋ አደረገ እንበል። ተርባይኑ ከልክ በላይ ይሽከረከራል፤ ኩሽኔታው (የሚሽከረከረውን ዘንግ የሚሸከመው ክፍል) ይቃጠላል። ባሕር ዳር ያለ የሕግ ባለሙያ ከየት ይጀምር?

ብዙ ሰው «ማን አደረገው?» ወደሚለው ይሮጣል። መቅደም ያለበት ምን ጉዳት ደረሰ የሚለው ነው። ስለዚህ ኮምፒውተሩ ሳይጠፋ የራሙን (የጊዜያዊ ማስታወሻውን) ይዘት ቅዱ፤ ከጠፋ ዱካው አብሮ ይጠፋል። የተቃጠለውን ኩሽኔታ ከመቀየራችሁ በፊት ፎቶ አንሱት፣ ዕቃውንም አሽጋችሁ አስቀምጡ። ሰዓት ላይ በጣም ተጠንቀቁ፦ ተረኛው «ማታ 2 ሰዓት» ብሎ የመዘገበው በዩቲሲ (በዓለም አቀፉ መደበኛ ሰዓት) 17:00 ነው። ቀኑንም በሁለቱም አቆጣጠር ጻፉ። ከውጭ አገር ሰርቨር ከመጣ መዝገብ ጋር ካልገጠመ ማስረጃችሁ እዚያው ላይ ይላላል።

ቀጥሎ ክብደቱን መዝኑ። የተባበሩት መንግሥታት ቻርተር አንቀጽ 2(4) ኃይል መጠቀምን ይከለክላል፤ አንቀጽ 51 ራስን መከላከልን የሚፈቅደው ግን የትጥቅ ጥቃት ሲደርስ ነው። ዓለም አቀፉ የፍትሕ ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በ1986 ኒካራጓ አሜሪካን በከሰሰችበት ጉዳይ ሁለቱን በመጠንና በውጤት ለይቷል። አንድ ተርባይን ተሰብሮ ሰው ካልሞተ በአንቀጽ 51 መሟገት ከባድ ነው። እኛ የምንመክረው የሉዓላዊነት ጥሰትን ማስቀደም ነው፤ የአፍሪካ ኅብረት እ.ኤ.አ. በ2024 ባወጣው የጋራ አቋም አንድ መንግሥት ወደ ሌላው የኮምፒውተር ሥርዓት ያለፈቃድ መግባቱን ብቻ ሕገወጥ ብሎታል።

አሁን ወደ ማንነቱ እንሂድ። የአይፒ አድራሻ (ኮምፒውተር በኢንተርኔት ላይ የሚለይበት ቁጥር) ብቻውን መንግሥትን አያስጠይቅም። ሰርጎ ገቡ የመንግሥት አካል መሆኑ፣ ወይም በመንግሥት ትእዛዝ፣ አመራር ወይም ቁጥጥር ሥር መሥራቱ መታየት አለበት።

ይህ ከተረጋገጠ አጸፋዊ እርምጃ ይቻላል፤ መጀመሪያ ግን ድርጊቱን እንዲያቆም በጽሑፍ ይጠየቃል። እርምጃው ከጉዳቱ ጋር የተመጣጠነና ያለ ኃይል የሚፈጸም ይሁን።

በሁለት አገሮች ጦርነት መካከል ከሆነ ደግሞ ኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. በ1994 የተቀበለችው የጄኔቫ ስምምነቶች 1ኛው ተጨማሪ ፕሮቶኮል አለ፤ አንቀጽ 56 ጎርፉ ብዙ ሲቪል ሊጨርስ የሚችልን ግድብ ማጥቃትን ይከለክላል።

የመንግሥት እጅ ካልተገኘ ያሸጋችሁት ኩሽኔታና መዝገቡ ለዐቃቤ ሕግ ይሄዳሉ፤ ክሱ በኮምፒውተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008 ይመሠረታል።