ውሻ የነከሰውን ሰው ከእብድ ውሻ በሽታ እንዴት ማትረፍ ይቻላል?

ልጁን አባቱ ይዞት የመጣው ከመንዝ ደጋ ነው። በግ ሲጠብቅ የማን እንደሆነ የማይታወቅ ውሻ ቅልጥሙን ነክሶት ሮጠ። ቤተሰቡ ቁስሉ ላይ ቡና ነስንሶ በጨርቅ አሰረው፤ ቁስሉም ዳነ። ከሁለት ወር በኋላ እኔ ዘንድ ሲደርስ የባቄላ ፍሬ የምታህል ጠባሳ ብቻ ነበረች። ውሃ በኩባያ ሰጠነው። ጠምቶታልና እጁን ዘረጋ፤ ኩባያው ወደ አፉ ሲጠጋ ግን ጉሮሮው ተኮማትሮ ፊቱን አዞረ። አባቱ «ቁስሉ እኮ ያኔ እዚህ ግባ የሚባል አልነበረም» አለኝ።

ውሃ መፍራት ከጀመረ በኋላ እኔም ሆንኩ ሌላ ሐኪም ማድረግ የምንችለው ሥቃዩን ማስታገስ ብቻ ነው። ልጁን ማትረፍ ይቻል የነበረው በእነዚያ ሁለት ወራት ውስጥ፣ ከሁሉም በላይ በመጀመሪያው ቀን ነበር። ከዚህ በታች የምጽፈው ያን ቀን ቤት ውስጥ ምን መደረግ እንደነበረበት ነው።

1. ቁስሉን በውሃና በሳሙና 15 ደቂቃ እጠቡ

የበሽታው ቫይረስ የቅባት ሽፋን አለው፤ ሳሙና ያንን ሽፋን ያፈርሰዋል። ቫይረሱ ከውሻው ምራቅ ጋር ገብቶ መጀመሪያ ቁስሉ አካባቢ ይቆያል፤ ከዚያ ነርቭ ተከትሎ ቀስ እያለ ወደ አንጎል ይጓዛል። ስለዚህ ጉዞውን ሳይጀምር የምታገኙት በእናንተው ጀሪካን ውሃ ነው።

15 ደቂቃ ረጅም ነው። ብዙ ሰው ሁለት ደቂቃ አጥቦ የጨረሰ ይመስለዋል፤ ሰዓት ያዙ። አንዱ ውሃውን ሳያቋርጥ ያፍስስ፣ ሌላው ሳሙናውን አረፋ እያደረገ ቁስሉ ውስጥ ድረስ ይጠብ። የልብስ ሳሙናም ይበቃል። የደጋው ውሃ ቢቀዘቅዝም እስኪሞቅ አትጠብቁ። ውሃ ከሩቅ በሚቀዳበት ቤት እንኳ ለዚህ የሚሰሰት ውሃ የለም። ውሻው በጋቢ ወይም በበርኖስ ላይ ነክሶ ከሆነም ልብሱን ገልጣችሁ ቆዳውን እዩ፤ የጥርስ ጫፍ የወጋው ቀዳዳ በቀላሉ አይታይም።

ቡና፣ በርበሬ፣ ነጭ ሽንኩርት፣ አመድ፣ ቅቤ፣ ነጭ ጋዝ ቁስሉ ላይ አታድርጉ። አትተኩሱት፣ በምላጭ አትብጡት፣ አጥብቃችሁም አትሰሩት። አረቄ የሳሙናን ቦታ አይተካም። ካጠባችሁ በኋላ አዮዲን ካለ ቀቡት። ቁስሉ ይሰፋ አይሰፋ የሚለውን ለሐኪም ተዉት፤ የንክሻ ቁስል ተቸኩሎ አይሰፋም።

2. የንክሻውን ዓይነት ለዩ

ጤነኛ ቆዳን ውሻ ቢልሰው መታጠብ ይበቃል። ደም ሳይወጣ ከጫረ ወይም ቆዳውን በጥርሱ ከላጠ ክትባት ያስፈልጋል። ደም ከወጣ፣ ወይም ምራቁ የተከፈተ ቁስል፣ ዓይን ወይም አፍ ውስጥ ከገባ ከክትባቱ ጋር ፀረ ሬቢስ (ሬቢስ የእብድ ውሻ በሽታ ነው) የሚባለው ሴረም ቁስሉ ውስጥና ዙሪያውን መወጋት አለበት። ድመትም ብትነክስ ሕጉ ያው ነው። ፊት፣ ራስና ጣት ላይ የደረሰ ንክሻ ከሁሉም የከፋ ነው።

እዚህ ላይ ወላጆችን አንድ ነገር እለምናለሁ። ልጆች ውሻ ሲነክሳቸው ቁጣ ፈርተው ይደብቃሉ። ዛሬ ማታ እሳት ዳር ስትቀመጡ «ውሻ ቢነክስህ፣ ቢጭርህ ንገረን፤ አንቆጣህም» በሏቸው።

3. በዚያው ቀን ጤና ተቋም ሂዱ

ከመነሳታችሁ በፊት የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ ክትባቱ የትኛው ጤና ጣቢያ ወይም ሆስፒታል እንዳለ ደውላ እንድትጠይቅላችሁ አድርጉ። ክትባቱ ሁሉም ቦታ ሁልጊዜ አይገኝም። አንድ ጊዜ ከአንድ ጤና ተቋም «የለም» ብቻ ተብላ ወደ ቤቷ የተመለሰች እናት አጋጥማኛለች፤ የት እንዳለ የነገራት ሰው አልነበረም። እስካሁን ይቆጨኛል። «የለም» ከተባላችሁ «የት አለ?» ሳትሉ አትመለሱ። ስለ ቴታነስ መርፌም ጠይቁ።

ምልክቱ ብዙውን ጊዜ ከ2 እስከ 3 ወር ባለው ጊዜ ይመጣል፤ በሳምንት ሊመጣ፣ እስከ ዓመት ሊዘገይም ይችላል። ስለዚህ ከተነከሰ ሳምንታት ያለፉትም ሰው ምልክት እስካልታየበት ድረስ «አለፈኝ» ብሎ መቅረት የለበትም።

4. መርፌውን እስከ መጨረሻው ጨርሱ

በስፋት የሚሠራበት አንዱ አሰጣጥ በመጀመሪያው ቀን፣ ከዚያ በ3ኛው፣ በ7ኛው፣ በ14ኛውና በ28ኛው ቀን ነው። ለምሳሌ ኅዳር 5 በአቦ የጀመረ ሰው ቀጣዮቹ ቀኖቹ ኅዳር 8፣ ኅዳር 12 ሚካኤል፣ ኅዳር 19 ገብርኤል እና ታኅሣሥ 3 በዓታ ይሆናሉ። እንዲህ ከበዓላቱ ጋር ካያያዛችሁት አይረሳም። ጤና ተቋሙ ሌላ ዓይነት ቀጠሮ ከሰጣችሁ ግን ካርዱ ላይ ያለውን ተከተሉ።

ሰው መርፌውን የሚፈራው የድሮውን እያሰበ ነው። በአገራችን ለረጅም ዓመታት የተሰጠው ክትባት ከእንስሳ አንጎል የሚሠራ፣ ሆድ ላይ በየቀኑ የሚወጋ ነበር። አዲሱ ክትባት ክንድ ላይ፣ ለሕፃናት ጭን ላይ ይሰጣል፤ መቀመጫ ላይ አይወጋም። ነፍሰ ጡርም ትወስደዋለች።

ፀበል መሄድ የምትፈልጉ ሂዱ፤ የምለምናችሁ መርፌውን ቀድማችሁ ጀምሩ፣ ቀጠሮውንም አታቋርጡ ነው። ከባህል መድኃኒት አዋቂ ዘንድ ስትከርሙ የሚያልፈው ጊዜ ግን አይመለስም።

5. ውሻውን አትግደሉት

ያለ አደጋ መያዝ ከተቻለ እሰሩትና 10 ቀን ተከታተሉት። እስከዚያ ጤነኛ ከሆነ ሲነክስ በምራቁ ውስጥ ቫይረሱ አልነበረም ማለት ነው፤ ሐኪሙም ክትባቱን ሊያቆም ይችላል። ክትባቱን ግን 10ኛውን ቀን እየጠበቃችሁ አታዘግዩ። ውሻው ከጠፋ እንዳበደ ቁጠሩት። ከሞተ ራሱን በዱላ አትቀጥቅጡት፤ ምርመራ የሚደረገው አንጎሉ ላይ ስለሆነ ለእንስሳት ሐኪም አሳውቁ።

ያበደ ውሻ ሁሉ አይሮጥም፣ አይናከስም። አንዳንዱ ይደነዝዛል፣ መንጋጋው ይወርዳል፣ ለሃጩ ይዝረከረካል፣ ጩኸቱ ይለወጣል።

6. ላሟ ለሃጭ ስታዝረከርክ እጃችሁን አፏ ውስጥ አትክተቱ

ገበሬው «አጥንት አንቋት ይሆናል» ብሎ እጁን እስከ ክንዱ ጉሮሮዋ ውስጥ ይሰዳል። በእብድ ውሻ የተነከሰች ላምም መዋጥ አቅቷት ልክ እንዲህ ትሆናለች። የእንስሳት ሐኪም ጥሩ፤ ወተቷንም ሥጋዋንም ተዉ።

7. ውሻችሁን በየዓመቱ አስከትቡ

ሰው ላይ ከሚደርሰው የዚህ በሽታ ሞት 99 በመቶው የሚመጣው ከውሻ ነው። በአንድ አካባቢ ካሉት ውሾች 70 በመቶው ከተከተቡ በሽታው መዛመት ያቆማል። ቡችላ 3 ወር ሲሞላው ይጀምራል። በመንዝ ያለው የጓሳ ጥብቅ ስፍራ ጎረቤቶች ደግሞ ሌላም ምክንያት አላችሁ፦ በዓለም ላይ ከ500 የማይበልጡ ቀይ ቀበሮዎች ናቸው የቀሩት፤ ከእነርሱ ጥቂቶቹ እናንተ ዘንድ ናቸው፣ ይህ በሽታ ከውሻ ተጋብቶባቸው ያልቃሉ።

የክትባት ዘመቻ ወደ ቀበሌያችሁ ሲመጣ ውሻውን በገመድ ይዞ የሚሄደው ልጁ አይሁን፤ ውሻው የሚያውቀው አዋቂ ይያዘው።